ሪሞቱ ምንም የለበትም

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዳክዬ ዛሬም እንደ ስሟ ሄደች። የሞዴል አውሮፕላናችንን ስም ያወጡት ተማሪዎች ናቸው። እኔ ያሰብኩላት ሌላ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ። ከኮንጋ ሜዳ ቆንጆ አድርጋ ተነሣች፤ ከዛፎቹ በላይ ስትደርስ ክንፏን ማወዛወዝ ጀመረች። ቀጥ በይ ስላት ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ ሳቃናት ወደ ግራ። ከጠላ ቤት የወጣ ሰው ነው የምትመስለው። አሳረፍኳት፣ አስነሣኋት፣ ያው ናት።

ሪሞቱ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? አውሮፕላኗን እኔ ራሴ ነኝ የሠራኋት፤ ክንፏን ለክቼ፣ ሚዛኗን ጠብቄ። ነፋስም አልነበረም።

የሞዴል አውሮፕላን ክበባችን ሦስት መምህራን ነን። ሀምዲያ ከጅማ መጥታ ኮሌጃችን ኤሌክትሪክ ማስተማር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ዝም ካለች አንድ ነገር አስባለች ማለት ነው። ዛሬ ዝም ብላ ዋለች። ቦና የብረታ ብረት መምህር ነው። እሱ ደግሞ «ጋሼ፣ ዛሬ ደክሞህ ይሆናል» አለኝ። ምን ሠርቼ ነው የሚደክመኝ? ከዲላ ኮንጋ ድረስ በኮሌጁ ፒካፕ ተቀምጬ ነው የመጣሁት።

ታኅሣሥ 12 ቀን ፈቃድ ሰጪዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው በረራችንን ያያሉ። ካማረ ክበቡ የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ካላማረ ይዘጋል። በጊዜያዊው ፈቃድ ላይ አብራሪ ተብሎ የተጻፈው የኔ ስም ነው፤ ልዑልሰገድ። በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ። ሰው ጡረታ ሲወጣ አንዳንዱ ቡና ይተክላል፣ አንዳንዱ ዕድር ይመራል። እኔ ማብረር ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ሪሞቱን ከፈትኩት። መሪ ዘንጎቹ ሥር ያሉት ሬዚስተሮች ላይ ትንሽ አቧራ አገኘሁ። ትንሽ ናት፤ ግን አቧራ አቧራ ነው። በአልኮል ጠረግኩ። ተማሪዎቹ ከበውኝ ስለነበር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ዕቃም እንደ ሰው ነው፣ ከፍታችሁ እዩት» አልኳቸው። ሁለቱ በደብተራቸው ጻፉት።

ማታ ባለቤቴ አሰፋች ሻይ ስትሰጠኝ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ነው የሞላችው። ሰው ምን አጥፍቶ ነው በገዛ ቤቱ ግማሽ ሻይ የሚጠጣው ብላት ትኩስ ስለሆነ ነው አለች። በዚህ ቤት ሻይ ቀዝቅዞ የቀረበበትን ቀን አላስታውስም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ከክፍል ስወጣ ኋላ የሚቀመጡት ሁለቱ፣ «የጋሼ ጽሑፍ ሲጀምር ጥሩ ነው፣ መስመሩ ሲያልቅ ጉንዳን ይሆናል» ተባብለው ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። ማርከሩ ደርቋል። ደረቅ ማርከር የያዘ መምህር ምን ያድርግ?

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ አሰፋች ከኋላዬ እየሄደች ቆየችና፣ ስሄድ ቀኝ እጄ እንደ ግራው እንደማይወዛወዝ ነገረችኝ። እጅ ለምን ይወዛወዛል፣ ወታደር ነኝ? «አንገትህ ይሆናል፤ ነርቭ ተጭኖህ ይሆናል፤ ሐዋሳ ሄደን ለምን አንታይም?» አለች። ከታኅሣሥ 12 በኋላ አልኳት። ባለፈው ወር ትከሻህ ነው ብላኝ ነበር። በሚቀጥለው ወር ጉልበትህ ትለኛለች።

ከምሳ በኋላ ተኝቼ ሳስብ ነገሩ ተገለጠልኝ። የዳክዬ ችግር የሲግናል መቆራረጥ ነው። ሪሞቱ የሚላት ሁሉ አይደርሳትም። ግማሹን ሰምታ ግማሹን ትስታለች፤ ስለዚህ ትወላገዳለች። ከማሰራጫውና ከአንቴናው መካከል የምትገባ ኃይል ማጉያ አለች። እሷን ብገጥም አለቀ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ለሀምዲያ ነገርኳት። አይሆንም አለች። በትሕትና ነው ያለችው፤ ያም ያናድዳል።

የምንነካውና የማንነካው አለ አለችኝ። መሪ ዘንጉን፣ የዘንጉን ሞላ፣ የአንገት ማሰሪያውን፣ ቁልፎቹን፣ በቮልቴጅ እኩል እስከሆነ ድረስ ባትሪውን ብንቀይር ማንም አይጠይቀንም። አየር ላይ የሚወጣውን ጉልበት ግን መንካት አይቻልም። ፈቃዱ የተሰጠው ለዚህ ሪሞት፣ በዚህ ጉልበት፣ በዚህ አንቴና ነው። ማጉያ ከገባበት ሌላ ዕቃ ሆነ፤ የሌላ ሰው ግንኙነትም ሊያውክ ይችላል። ይህን ሁሉ ለኔ፣ ለራሴ ተማሪዎች ሳስተምረው ለኖርኩት! በመጨረሻም «ጋሽ ልዑል፣ ጉልበት ያነሰው ሪሞቱ መሆኑን በምን አወቅን?» አለች።

አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ ተማሪም ሰምቷል። እንዲህ ማድረግ አልነበረብኝም። ልጅ ናት፣ ከሀገሯ ርቃ የምትሠራ ናት። ግን ጥያቄው ምን ማለት ነው? ሪሞቱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ገበያው ዳር ሞባይል የሚጠግነው ጆሲ ማጉያዋን ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። ከክብሪት ሣጥን አትበልጥም። ወርክሾፕ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። አልገጠምኳትም፤ ለማንም አልተናገርኩም። መኖሯን ማወቁ ብቻ ልቤን ያሳርፈዋል።

አይ፣ አላሳረፈውም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ የርቀት ፈተና አደረግን። ሪሞቱ ለዚሁ ተብሎ ጉልበቱን ዝቅ የሚያደርግበት ቁልፍ አለው። እሱን ይዘህ ትቆማለህ፤ ሌላው ሰው አውሮፕላኗን ታቅፎ ይርቃል፤ ሲግናል ደካማ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ቦና ዳክዬን ታቅፎ ከሜዳው ጎን እስካለው ቡና ማጠቢያ አጥር ሄደ። ከዚያ አልፎ እስከ እንሰቱ ማሳ ሄደ። ዘንጉን ስገፋ ክንፏ ትታዘዛለች፤ ስመልስ ትመለሳለች። አንዴም አልሳተችም።

«ጋሼ፣ ሳትነካው ነው እንዴ የክንፉ ጫፍ የሚርገበገበው?» ብሎ ቦና ከሩቅ ጮኸ። ለካ ነክቼዋለሁ፤ አውራ ጣቴ ዘንጉ ላይ ነበረች።

ሲመለስ ፊቱ በርቶ «ሪሞቱ ምንም የለበትም» አለ፤ የምሥራች የሚነግረኝ መስሎት። ደህና ዕቃ አግኝቼ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። የተበላሸ ነገር ይጠገናል። ምንም ያልሆነ ነገር ምን ይደረጋል?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሀምዲያ የሪሞቱን ሶፍትዌር ላድሰው ብላ ወሰደችው። ይቅናት። የመልቀቂያ ፈተና ማረም፣ ስብሰባ፣ እንደገና ስብሰባ። ፊርማዬን ባንክ ቤት አልቀበልም አሉ፤ ከድሮው ጋር አይመሳሰልም ብለው። ሰው አርባ ዓመት አንድ ዓይነት ይፈርማል እንዴ?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

በረረች!

እንደ ቅቤ ነው የበረረችው። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ ዝቅ አደረግኳት፣ ከፍ አደረግኳት፤ ክንፏ ንቅንቅ አላለም። የቡና ማጠቢያው ሴቶች ሥራ አቁመው አዩ። አንዷ እልል አለች። ምን ያህል እንደራበኝ እንኳ አልታወቀኝም፤ ማታ አሰፋች ስትነግረኝ ነው ሳልበላ መዋሌን ያወቅኩት።

አቧራው ነበር ማለት ነው። በአልኮሉ የሣቀብኝ ካለ ይሣቅ። ለሀምዲያና ለቦና «አያችሁ?» አልኳቸው። ቦና አጨበጨበ። ሀምዲያ አንገቷን ደፍታ የባትሪ ገመድ ስትጠቀልል ነበር። ሰው ትክክል ሲሆን ደስ ማለት አለበት፤ ይቺ ልጅ ትንሽ ኩራት አለባት። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ሁሉንም ይቅር ብያለሁ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ቦና ቤት መጥቶ ነበር። የሪሞቱን የአንገት ማሰሪያ አጠንክሬ ላምጣው ብሎ ይዞት ሄደ። እስከ በር የሸኘችው አሰፋች ናት። በመስኮት ሳይ በሩ ላይ ቆመው ብዙ አወሩ፤ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የጡረታ ስጦታ እያሰቡልኝ ይሆናል። አሰፋች ደግሞ ለስጦታም ታለቅሳለች።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልችልም። ጥቂት ብቻ።

ከተነሣች በኋላ ልመልሳት ዘንጉን ገፋሁ። ከበደኝ። እንደገና ገፋሁ። ዳክዬ መዞር አቃታት። ወደ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ቀጥ ብላ ሄደች። ሴቶቹ ቡና እየለቀሙ ነበር። ጮኽን። ብዙነሽ የምትባለው ክንዷን ወደ ፊቷ አንሥታ ወደ ኋላ ወደቀች። ዳክዬ አልጋውን በጥሳ ከአጠገቧ ተከሰከሰች። ክንድ ያህል ነው የቀራት። ቡናው ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ።

የብዙነሽ የእጅ አንጓ ወለም ብሏል። ሌላ አልሆነችም። ልትሞት ትችል ነበር። የማጠቢያው ኃላፊ ይህ ነገር በሽምግልና ሳያልቅ ወደዚህ ሜዳ እንዳትመጡ አለን። ትክክል ነው።

ሪሞቱ ነው። አልሰማችኝም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ወርክሾፕ ገባሁ። ማጉያዋን ልገጥም ነበር፤ በገዛ ደብተሬ አልዋሽም። ሀምዲያ የፈለገችውን ትበል፣ ከሰው ሕይወት ፈቃድ አይበልጥም፣ ዳክዬ ብትሰማኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ብዬ ነው።

የሪሞቱን ጀርባ ስፈታ ሞላዎቹ የኔ ሞላዎች አልነበሩም። ወፍራም፣ አዲስ፣ ጫፋቸው በሞረድ የተስተካከለ። ይህን ሥራ ዲላ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ሰው አንድ ነው፤ ቦና። ዘንጉ እንዳይነቃነቅ አጥብቆታል። ደነገጥኩና ባትሪ አስገብቼ ስክሪኑን አበራሁ። ውስጥ ውስጡን ገባሁ። እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ገብቶ ኖሯል። ዘንጉን እስከ መጨረሻ ብገፋው ክንፏ ግማሽ ብቻ እንድትሄድ ተደርጓል። ሀምዲያ «ሶፍትዌር ላድስ» ያለችው ይህንን ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሀምዲያ ስታለሰልሰው ዳክዬ እንደ ቅቤ በረረች፤ ያ ቅዳሜ የአልኮሉ ሥራ አልነበረም። ቦና ይህን ሳያውቅ ሞላውን አጠነከረ። በጠነከረው ሞላ ላይ ግማሽ ገፋሁ፤ ከግማሹ ግማሹ ብቻ ክንፏ ጋ ደረሰ። በሩብ መሪ አውሮፕላን አይዞርም። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ወጥ ላይ ጨው እንደ መጨመር ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የኔን ሪሞት! ሳይነግሩኝ! እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ «አያችሁ?» ስል ሀምዲያ ገመድ ትጠቀልል ነበር። በንዴት ጠረጴዛውን መታሁት።

ለምን እንዳደረጉት አልጠየቅኩም፤ ራሴን ማለቴ ነው።

ከዚያ ማጉያዋን አወጣሁ። መበየጃው ጋለ። ሽቦው በቀዳዳዋ አልገባ አለ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ሞከርኩ። ትንፋሼን ይዤ ሞከርኩ። መበየጃውን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት፤ ግራ እጄ ሥራውን አያውቅም። የቀለጠው ቆርቆሮ መካከሏ ላይ ተንጠባጠበና ማጉያዋ ተቃጠለች። አሁን አትገጠምም። ተማሪ እያለሁ ከዚህ የቀጠነ ሽቦ በሻማ ብርሃን እበይድ ነበር።

መብራቱ ደካማ ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ መብራቱ ሁልጊዜ ደካማ ነው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ሁለቱንም ጠርቼ የተፈታውን ሪሞት ፊታቸው አስቀመጥኩት። ይህን ማን ነካ አልኩ።

ቦና ወዲያው «እኔ ነኝ ጋሼ፤ ሞላውን እኔ አጠነከርኳት። ለክፉ አይደለም» አለ። ሀምዲያ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። «ሞላውን? መቼ?» አለችው። ረቡዕ አላት። እሷ ደግሞ ያደረገችውን ስትነግረው ቦና በርጩማው ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ። እዚያ ያለሁ አልመስልም ነበር፤ እርስ በርሳቸው ነው የተፈራረዱት። አንዳቸው ላንዳቸው ቢናገሩ ስለኔ ማውራት ሊሆንባቸው ነው፤ ማማት ይሆናል ብለው ዝም አሉ። ለኔ ደግሞ እንዴት ይነግሩኛል? ታላቃቸው ነኝ።

ምን ፈልጋችሁ ነው ብዬ ጮኽኩ። ቦና አሰፋች ለምናው እንደሆነ ተናገረ። ሀምዲያ ግን ማንም አልለመናትም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ልዑል፣ ሪሞቱ ምንም የለበትም። እጅዎ ነው።»

ውጡ አልኳቸው። ወጡ። ወርክሾፑ የሁላችንም መሆኑ ትዝ ያለኝ ከወጡ በኋላ ነው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ከአሰፋች ጋር ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ዛሬ ምሳ ላይ፣ ሚስቴ ሆነሽ ለኔ ሳትነግሪ ለቦና ትነግሪያለሽ አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ነገርኩህ እኮ። አንገትህን አልኩህ። ትከሻህን አልኩህ። እጅህን ማለት ነው ያቃተኝ። ሠላሳ ዓመት በዚያ እጅህ ነው ያስተዳደርከን፤ እንዴት ብዬ ልበልህ?»

የቀረውን እንጀራ ጠቅልላ ወደ ጓዳ ገባች። ግማሽ ሻይ የምትቀዳልኝ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። እኔም አውቅ ነበር።

በሁሉም ተናድጃለሁ። በእሷ፣ በልጅቷ፣ በቦና፣ በእግዜርም ትንሽ። ይቅር ይበለኝ። እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ሳየው አውራ ጣቴ ከሌባ ጣቴ ጋር ሙጫ እንደሚያድቦለብል ሰው ትሽከረከራለች። እኔ አላዘዝኳትም። ሪሞቱ ደህና ነው፣ አውሮፕላኗም ደህና ነበረች። እኔ ነኝ የማልታዘዘው።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ቦና አስታራቂ ሽማግሌ ይዞ ወደ ማጠቢያው ቀድሞ ሄዶልኝ ነበር። የቡናው ካሣ አለቀ። እኔም ሽቦ ወንፊትና ሚስማር ይዤ ሄጄ ከቦና ጋር አልጋውን ስንጠግን ዋልን። ሚስማሩን ይዞ የሚመታው ቦና ነው፤ እኔ ወንፊቱን ወጥሬ ያዝኩ። ዝም ብለን ሠራን። እንዲህ ያለ ዝምታ ደህና ነው።

ብዙነሽ አንጓዋን በጨርቅ ጠቅልላ በአንድ እጇ ቡና ትለቅማለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ሽማግሌው ይቅር አስብሎልኛል፣ እሷ ግን አልጨረሰችም። ሲግናል እንዳልተቋረጠ፣ ሞላው እንዲህ ሆኖ ሶፍትዌሩ እንዲያ ሆኖ እያልኩ ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አውሮፕላኗ ስትመጣ እኔ አንተን አየሁ። ‹ይሄ ሰውዬ ይመልሳታል› ብዬ አየሁ። አንተ ግን ያቺን ሣጥን ነው የምታየው። እኔን አላየኸኝም።»

እውነቷን ነው። አውሮፕላኗ ወደ ሰው ስትሄድ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሪሞቱ ምን እንደሆነ እያየሁ ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ሀምዲያን ይቅርታ ጠየቅኳት። አጭር ነበር። ረዥም ቢሆን ሁለታችንም እናፍር ነበር።

ከዚያ ሥራ። ሞላዎቹ ወደ ቀድሞው ተመለሱ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውም ወደ ሙሉው። ቁም ሣጥን ውስጥ ማሰራጫው ከሞተ የቆየ አሮጌ ሪሞት አለን። ሁለቱን በገመድ እናገናኛቸው አልኳት። ማሽከርከር እንደሚያስተምሩበት መኪና ነው፤ ሁለት መሪ ያለው። ዋናውን የያዘ ሰው አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ቁልፏን እስከያዘ ድረስ አውሮፕላኗ ለአሮጌው ሪሞት ትታዘዛለች፤ ሲለቃት ወዲያው ወደ ዋናው ትመለሳለች። አየር ላይ የሚወጣው ያው የተፈቀደው ሪሞት ነው፤ ጉልበቱም አንቴናውም አልተነካም። ሀምዲያ እየሰማችኝ ፈገግ አለች። እንዲያም ሆኖ ሳናሳውቅ አንሠራውም ብላ ለፈቃድ ሰጪው ደወለች። ይሁን አሉ፤ የአብራሪው ስም በዕለቱ እሜዳው ላይ ይመዘገባል።

ገመዱን የበየደችው እሷ ናት። እኔ መብራት ያዝኩላት። በግራ እጄ።

ማጉያዋን ማስመጣቴን ነገርኳት። አውቃለሁ አለች፤ የተቃጠለ ሽታ ሰኞ ጠዋት ድረስ ነበር። ይኸው ነው የዚህ ኮሌጅ ሰው፤ ሁሉን ያውቃል፣ ምንም አይናገርም።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ዳክዬ ተጠግናለች። ልምምድ አደረግን። ዋናውን ሪሞት፣ ቁልፏ ያለችበትን፣ ሀምዲያ ወደ እኔ ገፋችው። እሷ አሮጌውን ያዘች። ማንም ምንም አላለም። ወሰድኩት።

ሀምዲያ ስታበርራት ቆየች፤ ጥሩ ነበረች፤ እጇ የረጋ ነው። ቁልፏ ግን እጄ ላይ ነበረች። ሳላስበው ጣቴ ለቀቀቻት። መሪው ወደ እኔ መጣ፣ ቁልፏን እንደገና ያዝኩ፣ ወደ ሀምዲያ ተመለሰ። መካከል ላይ ዳክዬ ዝቅ አለች። ልጅቷ አወጣቻት። «ነፋስ ነው» አለች።

ነፋስ አልነበረም። ይሉኝታው ተመልሶ መጥቷል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። አራት ቀን ቀርቷል። የዓመቱ ፈቃድ፣ የነዚያ ሴቶች ራስ፣ ሁሉም በአንድ ጣት ላይ ነው። በዚያች ጣት።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች መጡ። ሜዳው ዳር ገመድ ተወጥሯል። የቡና ማጠቢያው ሴቶች ከአልጋዎቹ ርቀው ከኋላችን ቆመዋል፤ ብዙነሽም አለች። አሰፋች ከዲላ አብራኝ መጥታ ፒካፑን ተደግፋ ቆማለች።

ሀምዲያ ዋናውን ሪሞት ይዛ መጥታ አንገቴ ላይ ልታጠልቅልኝ እጇን ዘረጋች። ከሁለቱ ታላቁ ሰውዬ ወረቀቱን ከፍቶ «አብራሪው አቶ ልዑልሰገድ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ቦና መሬት መሬት አየ። ሀምዲያ የአንገት ማሰሪያውን እንደያዘች ቀረች።

ሁለቱም ምንም እንደማይሉ አውቃለሁ። አዎ ብል ይጽፈዋል። አፌ አዎ ለማለት ተከፍቶ ነበር። ብዙነሽን አየኋት። እሷም ታየኛለች።

«አይደለሁም» አልኩት። «አብራሪዋ እሷ ናት። ቁልፏን እሷ ነው የምትይዘው። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ የተማሪውን ሪሞት ነው የምይዘው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ሰውዬው ትንሽ አየኝና ስሙን ሰርዞ የእሷን ጻፈ። ለኔ የከበደው ነገር ለእሱ አንድ መስመር ናት። ማሰሪያውን ከሀምዲያ እጅ ተቀብዬ እሷው አንገት ላይ አጠለቅኩላት። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ ዓይንሽን ጥረጊ፣ ልታበሪ ነው አልኳት።

እሷ አስነሣቻት። ከዛፎቹ በላይ ካወጣቻት በኋላ «ለእርስዎ» አለችና ቁልፏን ተጫነች። ዳክዬ የኔ ሆነች። ተወዛወዘች፤ እንደ ድሮዋ፣ ከጠላ ቤት እንደወጣች። አልተናደድኩም አልልም። ግን ዛሬ ሪሞቱን አላየሁም፤ እሷን አየሁ፣ ከሥሯ ያለውን ሜዳ አየሁ። አንድ ዙር ዞርኩ። ሁለተኛውን ስጀምር ወደ አልጋዎቹ ማዘንበል ጀመረች፤ ልመልሳት ሳስብ ሀምዲያ ለቀቀችና ወሰደቻት።

ትመልስልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ዘንጎቹን ይዤ ጠበቅኩ። ሜዳውን አዞረቻት፣ ዝቅ አደረገቻት፣ ሣሩ ላይ አሳረፈቻት። አልመለሰችልኝም። ትክክል አደረገች።

ሰዎቹ ለፈቃዱ ደህና ነው ተባባሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ምንም የማያሰራጨውን ሪሞት አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ አጨበጨብኩላት። ቶሎ አላቆምኩም። እጅ ሲያጨበጭብ መንቀጥቀጡ አይታወቅም።